ዝርዝሬን የበላው ፎር ሉፕ

ደብረ ብርሃን ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ማታ ለአጎቴ የገብስ ንግድ መዝገብ በረስት የፕሮግራም ቋንቋ እጽፍ ነበር። የሻጮቹን ቬክተር (ዝርዝር) በፎር ሉፕ፣ አንድ በአንድ በሚያዞረው ትእዛዝ፣ እየዞርኩ ኪሎውን ደመርኩ። ቀጥሎ ስንት ሻጭ እንዳለ ስጠይቅ ኮምፓይለሩ (ኮዱን መርምሮ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ኢ0382 የሚል የስህተት ቁጥር ሰጥቶ እምቢ አለ፦ ቬክተሩ ለሌላ ተላልፏል።

ለካ ስሙን ብቻ ለፎር ከሰጠነው ባለቤትነቱም አብሮ ይሄዳል፤ ሉፑ ሲያልቅ ዝርዝሩም የለም። ጎረቤት የተዋሰውን ቁና ይመልሳል፣ የገዛውን ግን ምን በወጣው! መጀመሪያ በክሎን ሸፋፈንኩት (ስንፍና ነው፣ ሙሉውን ዝርዝር ይገለብጣል)። መፍትሔው ከስሙ ፊት የውሰት ምልክቱን & ማስገባት ብቻ ነበር። ዋጋ ለማስተካከል ደግሞ ተውሶ መቀየር የሚፈቅደው &ሚውት። ዜሮ ኪሎ ያላቸውን እዚያው ሉፕ ውስጥ ልሰርዝ ስል እንደገና ተከለከልኩ፤ እሱን የሚፈለጉትን ብቻ የሚያስቀረው ሪቴይን በአንድ መስመር ጨረሰልኝ።