በአዊ የግልቢያ ፈረስ እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይረባል?

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ጥር 23 የፈረስ ቀን ነው። በዓሉ ሲቃረብ እንጅባራና ዙሪያዋ ፈላጊው ይበዛል፤ ደላላውም አንገቱን ያቀናል። ስለዚህ ለመግዛት ካሰቡ በታኅሣሥ ገበያ አይውጡ። የካቲትና መጋቢት ላይ ሣሩ ሲመነምን መደራደሩ ይቀላል።

መጀመሪያ ኮርቻውንና ግላሱን፣ ማለትም የጌጥ ልብሱን፣ ያስወልቁ። ያማረ ግላስ ሥር የጀርባ ቁስል ሊኖር ይችላል። «ዳማ ነው፣ ቦራ ነው» እያሉ በመልክ የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ መልክ ግን አይሮጥም።

ቀጥሎ ከንፈሩን ገልጠው የፊት ጥርሶቹን ይዩ። የወተት ጥርስ ትንሽና ነጭ ነው፤ የሚተካው ሰፋ፣ ቢጫ ያለ ነው። መካከለኞቹ ሁለቱ በ2 ዓመት ተኩል፣ ከጎናቸው ያሉት በ3 ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ተኩል ገደማ ይለወጣሉ። ዳር ላይ የወተት ጥርስ ያለውን «አምስት ሞልቶታል» የሚልዎትን ሻጭ ፈገግ ብለው ይለፉት።

ከዚያ በጠንካራ መሬት ላይ በልጓም ተስቦ ሶምሶማ ይሂድ። የሚያመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል። እግሮቹን በመዳፍዎ ዳስሱ፤ የሚሞቅ ቦታ ካለ ይጠርጥሩ። በእግሩ ወይም በአንገቱ እንደ ዶቃ የተደረደረ፣ እየፈነዳ መግል የሚያወጣ እባጭ ካዩ ግን በርካሽም ቢሰጥዎ ይተዉት፤ በሽታው ወደ ሌሎቹ ይዛመታል።

ለማራባት ከሆነ ገንዘብዎን ባዝራዋ፣ ማለትም ሴቷ ፈረስ፣ ላይ ያውሉ። እኛ ጋ ሁሉም የድንጉላውን፣ የአባቱን ፈረስ፣ ስም ያነሣል፤ የእናቲቱን የሚጠይቅ የለም። እንግሊዞች ቶሮብሬድ የሚሉትን የእሽቅድምድም ዝርያ የአባት ሐረግ ወደ 3 ድንጉላዎች ይመልሱታል፤ በ1791 እ.ኤ.አ. መታተም በጀመረው የትውልድ መዝገባቸው ግን ባዝራዎቹም ተጽፈዋል። እርስዎም አንድ ደብተር ይግዙ፦ እናት፣ አባት፣ የተጠቃችበት (ከድንጉላው የተገናኘችበት) ቀን፣ የወለደችው። ከመግዛትዎ በፊትም ቀደም ብላ የወለደቻቸው ሲጋልቡ ይዩ።

ባዝራ ድንጉላ የምትፈልግበት ጊዜ በ21 ቀን ገደማ ይመለሳል፤ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ጭራዋን ታነሣለች፣ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች። እርግዝናው 11 ወር ያህል ነውና በጥቅምት ካስጠቋት ውርንጭላው መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራና ሣሩ ሲትረፈረፍ ይወለዳል። በበዓሉ ሙቀት በጥር የሚያስጠቃ ሰው ውርንጭላው በታኅሣሥ ውርጭ ይደርስበታል፤ ከዚያም እናቲቱ በበጋ ሣር አጥታ ወተቷ ይነጥፋል።

መስከረም አንድ ጣጣ አለው፦ ጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች የሚያስተላልፉት የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ቢሾፍቱ ውስጥ የሚመረት ክትባት አለው። ባዝራዋን ከማስጠቃትዎ በፊት ስለ ክትባቱ ጊዜ ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

ምጡ ብዙውን ጊዜ በሌሊት ነው። ውርንጭላው በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ተነሥቶ እንገሩን መጥባት አለበት፤ በሽታን የሚመክትበት አቅም የሚያገኘው ከእንገሩ ነውና። የእንግዴ ልጁ በ3 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ሐኪም ይጥሩ፤ በእጅዎ አይጎትቱ።

ቶሮብሬድ በ2 ዓመቱ ይሽቀዳደማል፤ እኔ ግን አልመክርም፣ አጥንቱ ገና አልጠናም። በ3 ዓመቱ ልጓምና ኮርቻ ያለማምዱት፤ ሽምጡን ለ4 ያቆዩት።

ሲሸጡ ደብተሩን ያሳዩ፤ ገዢው ራሱ ጋልቦ ይሞክረው። ያለበትንም እንከን ከቀብዱ በፊት ይንገሩት፤ በውሉም ላይ በሁለት ምስክር ፊት ይጻፍ።