እንሶስላ ከጓሯችሁ

እንሶስላ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጥፍር፣ እጅና እግር ለማቅላት የተወቀጠውን ሥር ነው። አበባውን ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ነጭ ነው፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ፣ ከኋላው ቀጭን ረጅም ጭራ አለው። ሲመሽ ደግሞ ሽታው ይወጣል፤ ያኔ የእሳት እራት ይመጣለታል።

በደጋው አገር ጫካ ዳር፣ ወንዝ ዳርና እርጥብ ገደል ሥር ይበቅላል። ችግሩ ለሠርግና ለበዓል ሲፈለግ ከነሥሩ ተነቅሎ መሄዱ ነው። ሥሩ ካለቀ ተክሉም አለቀ። ስለዚህ ጓሯችሁ ውስጥ ትከሉት፣ ከባድ አይደለም።

ከጎረቤት ወይም ከገበያ ያልደረቀ፣ ጫፉ ላይ ቡቃያ ያለው ሥር ፈልጉ። ቡቃያ ከሌለው ለመውቀጥ እንጂ ለተከላ አይሆንም። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ብስባሽ በተቀላቀለበት ልል አፈር ቡቃያውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቅበሩት። የቀትር ፀሐይ አይወድም፣ የግንብ ወይም የዛፍ ጥላ ስጡት። እስከ 2 ሜትር ሊያድግ ስለሚችል ቦታ አትንፈጉት።

በጋ ሲገባ ግንዱ ይረግፋል። እባካችሁ ሞተ ብላችሁ ቆፍራችሁ እንዳትጥሉት! ሥሩ ከታች ተኝቷል። ውሃ ቀንሱለት፣ ቅጠላ ቅጠል አልብሱትና ተዉት፤ ዝናብ ሲመጣ ይነሳል። አውሮፓ ያላችሁም ብርዱ በማይከፋበት አካባቢ በዚሁ መንገድ ልታከርሙት ትችላላችሁ፣ ቅጠሉን ግን ወፈር አድርጉት፣ ውርጭ ሥሩ ጋ ከደረሰ አይተርፍም።

ዘር ከፈለጋችሁ ፍሬው ሳይፈነዳ ቅደሙት። የበሰለውን ገና ጣታችሁ ሲነካው ጧ ይልና ዘሩን ይበትነዋል። እኔ ስስ ጨርቅ አስርበታለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት አትንኩት። በሁለተኛው፣ ግንዱ ከደረቀ በኋላ፣ ከጎን በእጃችሁ ፈልፍሉና ወፍራም ወፍራሙን ብቻ ውሰዱ። አጥባችሁ ልጣጩን ፋቁ፣ ውቀጡት። የወቃጩም እጅ ይቀላል፣ ጓንት ያላችሁ አድርጉ። ጥፍር፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ለጥፋችሁ በፌስታል ወይም በቅጠል ጠቅልሉና እደሩበት። ቆዳችሁ የሚቆጣ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩት። ጠዋት ፈዝዞ ካገኛችሁት በሚቀጥለው ሌሊት ድገሙት፣ ሁለት ጊዜ የተሞቀ እንሶስላ ይደምቃል።

ቡቃያ ያለበትን ጫፍ ግን እዚያው ቀን፣ ሳይጠወልግ፣ ወደ ጉድጓዱ መልሱት።