በአዲስ አበባ ቤቶች የሶላር ኢንቨርተር እንዳይግል ምን ማድረግ ይገባል

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ከተማ ስለሆነች የሶላሩን ኃይል ለቤት ዕቃዎች በሚሆን መልኩ የሚቀይረው ማሽን፣ ማለትም ኢንቨርተሩ፣ ይግላል ብሎ የሚሰጋ ሰው ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ አየሩ ቀዝቃዛ በመሆኑ የሚገኘውን ጥቅም የከተማዋ ከፍታ በከፊል ያሳጣናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ብዙ አምራቾችም በመመሪያቸው ላይ ከተወሰነ ከፍታ በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 ወይም ከ2,000 ሜትር በላይ፣ የማሽኑ አቅም ዝቅ ተደርጎ እንዲታሰብ ያሳስባሉ። ስለዚህ በፒያሳም ሆነ በካዛንቺስ ኢንቨርተር የሚያስገጥም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለመሆኑ ሳይሆን አየር ወደ ማሽኑ በነፃነት ገብቶ በነፃነት ስለመውጣቱ ነው።

ሙቀቱ የሚመጣው ከማሽኑ ሥራ ነው። ኢንቨርተሩ ከፓኔልና ከባትሪ የሚያገኘውን ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) የቤት ዕቃዎች ወደሚሠሩበት ኤሲ (አቅጣጫው ወደሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ሲቀይር የተወሰነው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ብቃቱ ከ90 እስከ 93 በመቶ የሆነ ማሽን 2,500 ዋት ሲሰጥ ከ190 እስከ 280 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል፤ ይህን ማሽን ቁም ሳጥን ውስጥ መዝጋት ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎችን አብርቶ በሩን እንደ መዝጋት ይቆጠራል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚይዙ ክፍሎች) ደግሞ ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር ስለሚታሰብ፣ ጉዳቱ ማሽኑ ከመጥፋቱ ብዙ ቀደም ብሎ ይጀምራል።

ቦታ ሲመረጥ ሁለት ስፍራዎችን ፈጽሞ መተው ይገባል። አንደኛው በቆርቆሮ ጣሪያና በኮርኒስ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ በበጋ እኩለ ቀን፣ ማለትም ፓኔሉ ብዙ ኃይል በሚያመርትበትና ኢንቨርተሩ እጅግ በሚሠራበት ሰዓት፣ ቆርቆሮው የሚያግለው አየር የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሁለተኛው የከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው የኮንዶሚኒየም በረንዳ ነው። ተመራጩ ፀሐይ የማያገኘው፣ መስኮት ወይም የአየር ማስወጫ ያለው ክፍል ሲሆን፣ ማሽኑ በብሎኬት ወይም በሸክላ ጡብ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ መሰቀል አለበት። በድሮ የጭቃ ቤቶች ግድግዳው ውስጥ ያለው እንጨት ስለሚያሰጋ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ያለ የብረት ፍሬም አሠርቶ በእርሱ ላይ መስቀል የተሻለ ነው። ለውበት ሲባል በችፑድ ሳጥን ማልበስ ግን ለማሽኑም ለቤቱም አደጋ ነው።

የሚተወውን ክፍተት በተመለከተ መመሪያው የሚለው ይከበር። ለቤት በሚሸጡ ብዙ ማሽኖች ላይ ከግራና ከቀኝ 20፣ ከላይና ከታች ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲተው ይጠየቃል። ሁለት ኢንቨርተሮች ካሉ ጎን ለጎን ይሰቀሉ እንጂ አንዱ ከሌላው በላይ አይሁን፤ የታችኛው የተፋውን ትኩስ አየር የላይኛው መልሶ ይስበዋልና። በአሲድ የሚሠሩ ባትሪዎችም ቻርጅ ሲደረጉ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጡ ከማሽኑ ሥር መቀመጥ የለባቸውም።

በመሃል ከተማ ከሁሉ የበለጠ ክትትል የሚፈልገው አቧራ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በፈረሳና በግንባታ አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች እንደሚያውቁት፣ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ ጣት ሲያርፍበት ምልክት ይታይበታል፤ ይኸው አቧራ በፋኑ አማካይነት ወደ ማሽኑ ሆድ ይሳባል። በዚህ ላይ የወጥ ቤት ቅባት፣ የከሰልና የእጣን ጢስ ሲጨመርበት አቧራው በብናኝነቱ አይቀርም፤ በፋኑ ክንፎች ጠርዝና በሙቀት ማስወጫው የአሉሚኒየም ቅጠሎች መካከል እንደ ቡናማ ስስ ጨርቅ ተጣብቆ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ኢንቨርተሩ ከወጥ ቤትና ቡና ዘወትር ከሚፈላበት ክፍል ይራቅ።

የውጭ ማጣሪያውንና የአየር መግቢያውን በበጋ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ አቧራ በበዛበት ሰፈር ደግሞ ከዚያ ቀረብ እያሉ ማጽዳት ያስፈልጋል። ከመጀመርዎ በፊት በቅድሚያ የቤቱን ዕቃዎች፣ ቀጥሎ የፓኔሉን ብሬከር፣ ከዚያ ከቆጣሪ የሚመጣውን መስመር፣ በመጨረሻም ባትሪውን ይለያዩ፤ ከዚያም ካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወርድ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ በቂ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ አይጠቀሙ። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ግን እርጥበት ስለሚረጭና ፋኑን ከልኩ በላይ አሽከርክሮ ስለሚጎዳ አልመክረውም። የማሽኑን ክዳን መክፈትና ውስጡን ማጽዳት የባለሙያ ሥራ ነው።

ቀሪው ጉዳይ ጭነት ነው። የእንጀራ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚወስድ በተለመደው የቤት ኢንቨርተር ላይ መጫን የለበትም፤ ካውያና የውሃ ማፍያም በአንድ ላይ ባይሰኩ ይመረጣል። በከፍታው ምክንያት፣ በተለይም ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ለረጅም ሰዓት የሚቆየውን ጭነት በማሽኑ ላይ ከተጻፈው አቅም ሦስት አራተኛ ባያሳልፉ መልካም ነው። መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ማሽኑ ባዶውን ባትሪ በከፍተኛ አምፒር መሙላት ይጀምራል፤ ከማሽኑ ምናሌ ገብተው ከመስመር የሚሞላበትን አምፒር ለባትሪው ዓይነት ከተፈቀደው ሳይወጡ ዝቅ ካደረጉት ባትሪው ይዘገያል እንጂ ማሽኑ አይጨነቅም።

አንዳንድ ጊዜ ሙቀቱ ከማሽኑ ሳይሆን ከኬብሉ ይነሣል። በ24 ቮልት ባትሪ 3 ኪሎ ዋት ለማውጣት ከ125 አምፒር በላይ ስለሚያስፈልግ፣ ኬብሉ ከቀጠነ ወይም ብሎኑ ከላላ የባትሪው ማያያዣ ይግላል፤ የፕላስቲክ ሽታ ወይም የጠቆረ ማያያዣ ካዩ ማሽኑን አጥፍተው ባለሙያ ያስጠሩ።

ማሽኑ በሙቀት ምክንያት ቢጮህ ወይም ቢያቆም ወዲያው መልሶ ማስነሳት አይገባም። ጭነቱን ነቅለው መስኮቱን ይክፈቱ፤ ፋኑ የሚዞር ከሆነ ሥራውን እንዲጨርስ ይተዉት፤ በስክሪኑ ላይ የታየውን ኮድም በመመሪያው ያመሳክሩ። ከበረደና ከተጸዳ በኋላ በትንሽ ጭነት እንኳ ደግሞ ካቆመ ወይም ፋኑ ጨርሶ ካልዞረ፣ ዋስትናው እንዳይፈርስ ክዳኑን ሳይነኩ ወደ ሸጠልዎት ድርጅት ይውሰዱት።