አባትዎ በኦጋዴን ጦርነት በአየር ኃይል የሰጡትን አገልግሎት እንዴት ማጣራት ይቻላል?

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት አባትዎ በአየር ኃይል ውስጥ ከነበሩ፣ አብረዋቸው ያገለገሉት ሰዎች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ደጅ ከመጥናትዎ በፊት ከቤትዎና ከሰዎች ይጀምሩ።

1. ቤት ውስጥ ያለውን ሰነድ ይሰብስቡ። የማዕረግ ዕድገት ደብዳቤ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ የጡረታ ሰነድ ሁሉ ይጠቅማል። አብራሪ ከነበሩ የበረራ መዝገባቸውን ይፈልጉ፤ ቀኑን፣ የአውሮፕላኑን ዓይነትና በአየር ላይ የቆዩበትን ጊዜ መስመር በመስመር ይዞ ይገኛል። ፎቶግራፎችን ከአልበሙ አውጥተው ጀርባቸውን ይዩ። ከሰዎቹ ኋላ የቆመውንም አውሮፕላን ልብ ይበሉ፦ የኢትዮጵያ ሚግ-21 ከሆነ ፎቶግራፉ የሶቪየት መሣሪያ መግባት ከጀመረ በኋላ የተነሣ ነው። ኤፍ-5 ወይም ኤፍ-86 ከሆነ ግን አውሮፕላኖቹ የመጡት ከአሜሪካ ጋር ወዳጅነት በነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ ጊዜውን በትከሻቸው ላይ ባለው ማዕረግ ማጥበብ ያስፈልጋል።

2. ቀኖቹን በአንድ አቆጣጠር ያስተካክሉ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር 1977 ነው፤ ኅዳር 1970 ዓ.ም.ም ያው 1977 ነው። ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተባለው በውጭ ጽሑፍ 9 ሰዓት ሆኖ ይገኛል።

3. የሥራ ባልደረቦቻቸውን ያነጋግሩ። ብዙዎቹ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ፣ ሌሎቹም አሜሪካ ይኖራሉ። «አባቴ ጀግና ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ምስጋና እንጂ ታሪክ አያስገኝም። «ጋሼ፣ ድሬዳዋ ሳላችሁ የት ታድሩ ነበር? አውሮፕላኑን ማን ያስታጥቅ ነበር? ከበረራ ሲመለሱ ማን ይቀበላቸው ነበር?» ይበሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቀው ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ ማውራት ያልፈለጉትን አያስጨንቁ።

አባትዎ አብራሪ ካልነበሩም ፍለጋውን አያቋርጡ። አሜሪካ ወታደራዊ ድጋፏን ባቆመችበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ኤፍ-5ቶቹ እንዲበሩ ያደረጉት ቀን ከሌት የደከሙት የጥገናና የትጥቅ ባለሙያዎች ናቸው። የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ ያራቀው ድል የእነርሱም ነው፤ ስማቸው ግን እምብዛም አይነሣም።

4. ለአየር ኃይል በጽሑፍ ያመልክቱ። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ማዕረግ፣ የመለያ ቁጥር፣ የተቀጠሩበት ዓመትና የሚያውቁት የስኳድሮን (የበረራ ክፍል) ስም ይግባበት። አባትዎ በሕይወት ካሉ የውክልና፣ ካረፉ የወራሽነት ማስረጃ ያያይዙ። «ሙሉ ታሪካቸው ይሰጠኝ» ከማለት ይልቅ «ከሐምሌ 1969 እስከ መጋቢት 1970 ዓ.ም. የት ተመድበው ነበር?» የሚል ጥያቄ የተሻለ ዕድል አለው።

5. ተማርከው ከነበሩ ለቀይ መስቀል ያመልክቱ። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራን የመሰሉ አብራሪዎች በሶማሊያ እስር ቤት ከ10 ዓመት በላይ ቆይተዋል። በ1980 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ምርኮኞች ወደየአገራቸው የተመለሱት በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ አማካይነት ነው። ኮሚቴው የጎበኛቸውን እስረኞች ስም ስለሚመዘግብ፣ ቤተሰብ የእስር ማረጋገጫ መጠየቅ ይችላል። በውጭ መዝገብ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝና የላቲን አጻጻፉ ስለሚለያይ፣ ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ ዘርዝረው ይላኩ።

6. የዘመኑን «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያገላብጡ። ጋዜጣው የጦርነት ጊዜ የመንግሥት ድምፅ ነውና ስለ ሹመት፣ ስለ ሽልማትና ስለ ቀን ይመኑት፤ ስለ ጠላት ኪሳራ የሚሰጠውን አኃዝ ግን ከሌላ ምንጭ ጋር ሳያስተያዩ አይውሰዱ።