የመኪና ስፒከር የሚያቃጥሉ ስህተቶች

«አምፕህ ትንሽ ስለሆነ ነው ስፒከርህ የተቃጠለው» የሚሉህን ዝም ብለህ አትመን። ባለ 20 ዋት አምፕ (ሲግናሉን አጉልቶ ለስፒከሩ የሚልከው አምፕሊፋየር) ባለ 100 ዋት ስፒከር ላይ ገጥመህ በልኩ ብታዳምጥ ዓመታት ይዘልቅልሃል። ስፒከር የሚሞተው ወይ ኮይሉ (ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል) ከልክ በላይ ሲግል፣ ወይ ኮኑ (የሚርገበገበው ፊቱ) ከልክ በላይ ሲወረወር ነው። ትንሽ አምፕ ጣጣ የሚያመጣው ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ነው፤ ያኔ ክሊፕ ያደርጋል። የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጥና ጠፍጣፋ ይሆናል። በንጹሕ ድምፅ 50 ዋት የሚሰጥ አምፕ፣ ሞገዱ ጭራሽ አራት ማዕዘን ሲሆን እስከ 100 ዋት ይገፋል። ዘፈኑ ውስጥ ዝቅ ይል የነበረው ቦታም አብሮ ስለሚጮህ ኮይሉ የሚበርድበት ፋታ ያጣል። ቀድሞ የሚቃጠለው ቱዊተሩ (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ነው። ከተቆረጠው ጫፍ የሚፈጠረው ቀጭን ድምፅ ወደሱ ነው የሚሄደው፣ የኮይሉ ሽቦ ደግሞ ፀጉር ያህላል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ወገን፣ አምፑ ላይ ያለው ጌን የሚባለው ማስተካከያ ቮሊዩም አይደለም! ሥራው ቴፑ (የመኪናው ማጫወቻ) የሚልከውን ሲግናል ከአምፑ ጋር ማመጣጠን ነው። አንዱ ቴፕ 2 ቮልት ይልካል፣ ሌላው 4። ባለ 4 ቮልቱ ላይ ጌኑን እስከ ጥግ ካዞርከው፣ ቮሊዩሙ ገና ግማሽ ሳይደርስ አምፑ ክሊፕ ያደርጋል። ግን ባለመኪናው «ትንሽ ጨምርልኝ» ይላል፣ ገጣሚው ካቻቢቴውን አንስቶ ጌኑን ያዞራል፣ አለቀ። ከዚያ ባለመኪናው ስፒከሩን አቅፎ እኔ ጋ ይመጣል። ኮኑን በጣቴ ጫን ሳደርገው ውስጡ ይፈገፍጋል፤ ጠጋ ሲሉት የተቃጠለ ማስቲሽ ይሸታል።

እንዲህ አድርግ። ስፒከሮቹን ንቀል። ኢኳላይዘሩን ዜሮ፣ የቴፑን ቮሊዩም ሦስት አራተኛ ላይ አድርግ። ለሰብዉፈር (ለባስ ስፒከሩ) የ50፣ ለበር ስፒከር የ400 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ ክፈት። ከዚያ በላይ ርካሽ ቴስተር በትክክል ላያነብ ይችላል። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የአምፑን መውጫ እየለካህ ጌኑን ቀስ ብለህ ጨምር። አምፕህ በ4 ኦም ስፒከር 50 ዋት የሚሰጥ ከሆነ 14 ቮልት ላይ፣ 100 ዋት ከሆነ 20 ቮልት ላይ አቁም። በቃ።

ባስ ቡስት (ባሱን ለብቻ የሚያጎላው)፦ 3 ዴሲቤል ስትጨምር ባሱ ላይ አምፑን እጥፍ ዋት እየጠየቅከው ነው፤ 6 ከሆነ አራት እጥፍ። ከየት ያምጣው?

ካርቶኑ ላይ ያለውን «1000 ዋት» እርሳው፣ አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚችለው ዋት) የሚለውን ፈልግ። ቴፑ ላይ «50 በ4» (50 ዋት በአራት ቻናል) የሚለውም ያው ነው፤ በአንድ ቻናል በንጹሕ የሚሰጥህ 20 ዋት ገደማ ነው።

ቀጭን ሽቦ ወደ አምፑ የሚደርሰውን ቮልቴጅ ያወርዳል። ባሱ በመታ ቁጥር የፊት መብራትህ ደብዘዝ ካለም የመኪናው ቮልቴጅ እየወረደ ነው፣ አምፑም ያለ ጊዜው ክሊፕ ያደርጋል። ግራውንዱንም (የአምፑን ኔጋቲቭ ሽቦ) የመኪናውን ቀለም ፍቀህ ብረቱ ላይ እሰር።

ታዲያ ትልቅ አምፕ ልግዛ? ግዛ፣ ድምፁ ይጠራልሃል። ግን ባለ 300 ዋቱን 100 ዋት በሚችል ስፒከር ላይ እስከ ጥግ ከከፈትከው፣ አንዴም ክሊፕ ሳያደርግ ያቃጥልልሃል።