ከካምቢዮ በኩል የመሰለኝ ዘይት ከላይ ነበር የሚመጣው

የአሮጌው ፒክአፔ ዘይት የሚንጠባጠበው ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ስር ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ ሜካኒክ ገና እንዳየው «የኋላው ኦይል ሲል ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ» አለኝ። ኦይል ሲል ከሞተሩ ኋላ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ነው። ካምቢዮ ማውረድ ቀላል ወጪ አይደለም። መጀመሪያ ምንጩን በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚያፈስበት ላይሆን ይችላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በናፍጣና በብሩሽ አጠብኩት። በደንብ ሲደርቅ የአየር ማጣሪያውን አፍ ሸፍኜ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበት። ከዚያ ሽፋኑን አንስቼ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እስከ ፒያሳ ነዳሁ። ሞተር የሚፈተነው ዳገት ላይ ነው። ቆሞ ሲሠራ የማይታይ ፍሳሽ እዚያ ይወጣል።

ኮፈኑን ስከፍት ነጩ ፓውደር ላይ አንድ ጥቁር መስመር ወርዷል። መነሻው ከሞተሩ አናት ላይ ያለው የቫልቭ ክዳን የኋላ ጥግ! በክዳኑና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ በሙቀት ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ይሰበራል። አዲሱን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ።

እሱን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ግን አይበቃም። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በቆሻሻ ተደፍኖ አገኘሁት። ይሄ ቱቦ ሲዘጋ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ዘይቱን በደካማው በኩል ያስወጣዋል። ብዙ ሰው ጓርኒሲዮን እየቀየረ ፍሳሹ የሚመለስበት በዚህ ይመስለኛል። ቱቦውን አጸዳሁ። ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀስ በቀስ አጠበቅኩ፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ክዳኑን ያጣምመዋል።

አሁን ማታ ከስሩ የማነጥፈው ካርቶን ጠዋት ደረቅ ነው። ካምቢዮውም አልተነካም።