ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ለምን ይቦረቦራል?

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ገላን በኩል ቤት እያሠራችሁ ነው እንበል። ዕቅድ አለ፣ ፎርማን አለ፣ ሥራው ግን መልክ አልያዘም። ሠራተኛውን ከመቆጣታችሁ በፊት የሥራ ክፍፍል መዋቅሩን፣ ማለትም ሙሉውን ሥራ ከፋፍሎ የሚያሳየውን ደብሊው ቢ ኤስ (WBS) የሚሉትን ዝርዝር፣ አንዴ እዩት።

ምልክት፦ አርማታው ደርቆ ሶሌታ (የወለል ወይም የጣሪያ አርማታ) መቦርቦር ተጀመረ።
ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ "ቱቦው የታለ?" ይላል። አናጢው "እኔን አይመለከተኝም"፣ የአርማታ ብረት (ፌሮ) ሠራተኛውም "እኔንም"። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።
መንስኤ፦ ዕቅዱ የተከፋፈለው በባለሙያ ነው። የአናጢ፣ የፌሮ፣ የመብራት። በመሃል ያለው ሥራ ባለቤት አጣ።
መፍትሄ፦ በውጤት ከፋፍሉ። "ሶሌታ" ብላችሁ ከሥሩ ካሳፎርማ (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ)፣ ፌሮ፣ የመብራት ቱቦና የቧንቧ ማለፊያ፣ ሙሌት፣ ውሃ ማጠጣት ጻፉ። በእያንዳንዱ ፊት የአንድ ሰው ስም ይኑር። ሁለት ስም ካለ ባለቤት የለም ማለት ነው። ከዚያ በመቶ በመቶ ሕግ ፈትኑት፦ ከሥር ያሉት ሲደመሩ ላይኛውን በልኩ መስጠት አለባቸው፤ መጉደልም መትረፍም የለም። የተዘረዘረው ብቻ ቢሠራ ሶሌታውን ትረከባላችሁ? ካቅማማችሁ የጎደለ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው ውሃ ማጠጣቱ ነው፤ አርማታ ግን ቢያንስ 7 ቀን እርጥበት ይፈልጋል።

ምልክት፦ መሠረቱ "ሊያልቅ ነው" ከተባለ ሰነበተ።
መንስኤ፦ "መሠረት" የሚል አንድ መስመር ብቻ አለ። በዚያ በኩል ደግሞ ጥቁር አፈር ይበዛል። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እሱን ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።
መፍትሄ፦ ቁፋሮ፣ አፈር ማራቅ፣ ሰለክት ማቴሪያል (የተመረጠ የሙሌት አፈር) ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ የመሠረት አርማታ፣ ግሬድ ቢም (መሠረቱን የሚያያይዝ አግዳሚ አርማታ) ብላችሁ ለዩ። የተለመደው መለኪያ አንዱ የሥራ ጥቅል፣ ማለትም የዝርዝሩ የመጨረሻ ትንሽ ክፍል፣ ከ8 እስከ 80 የሥራ ሰዓት እንዲሆን ነው። ለእኔ ግን ከሰዓቱ ይልቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ አልቋል ወይስ አላለቀም? "90 በመቶ" የሚል መልስ ከመጣ ገና መከፈል አለበት።

ምልክት፦ ዝርዝሩ ረዝሞ ፎርማኑ ማየት ተወ።
"ሚስማር መግዛት" ድረስ ወርዳችኋል። ለብቻው የማትከታተሉትን ከላዩ ጋር ቀላቅሉት። ቅደም ተከተሉንም ከዝርዝሩ አስወጡት፤ እሱ የጊዜ ሰሌዳው ሥራ ነው።

ምልክት፦ ቤቱ አልቆ መግባት አልተቻለም።
መንስኤ፦ ሴፕቲክ ታንክ፣ አጥር፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ በኮንትራክተሩ ውል ውስጥ ስለሌሉ ከዕቅዱም ቀሩ።
መፍትሄ፦ የሚዘረዘረው የኮንትራክተሩ ድርሻ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቤቱ ነው። "የባለቤቱ ሥራዎች" የሚል ቅርንጫፍ ጨምሩ፤ የቆጣሪ ማመልከቻውንም ቁፋሮ በተጀመረ ሰሞን አስገቡ።